የቀትሩ ዮጋና የሌሊቱ ፈረቃ፦ የዩኒቨርሲቲዎች የጤንነት መርሐ ግብር ለማን ነው?

በአሜሪካ በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሰው በሳምንቱ መጀመሪያ ኢሜይሉን ሲከፍት፣ ስለ ጤንነቱ የሚጨነቅ አንድ መልእክት ማግኘቱ አይቀርም። ማክሰኞ በቀትር የዮጋ ትምህርት አለ። ረቡዕ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ምርመራ በነፃ ይሰጣል። ሐሙስ ደግሞ አረጋውያን ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ ሠራተኞች ተገናኝተው የሚመካከሩበት የድጋፍ ቡድን ይሰበሰባል። መልእክቱ ያማረ ነው፤ ዓላማውም የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ያንኑ አዳራሽ ሌሊቱን ሲወለውል አድሮ ንጋት ላይ አውቶቡስ የሚሳፈረው የጽዳት ሠራተኛ፣ ዮጋው ሲጀመር እንቅልፍ ላይ ነው፤ ወይም ወደ ሁለተኛ ሥራው እየተጓዘ ነው። ምናልባትም የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ጭራሽ የለውም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በርካታ የአገር ልጆች በዩኒቨርሲቲዎችና በሥራቸው በሚገኙ ሆስፒታሎች ተቀጥረው ይኖራሉ። ከፊሉ በመምህርነትና በቤተ ሙከራ፣ ከፊሉ በነርስ ረዳትነት፣ በምግብ ቤት፣ በመኪና ማቆሚያና በጽዳት ተሰማርቷል። አሠሪ ለሠራተኛው ጤና ማሰቡ ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። መጠየቅ ያለበት፣ እነዚህ መርሐ ግብሮች አሁን ባሉበት መልክ ማንን ያገለግላሉ የሚለው ነው። ባለፉት ዓመታት የተካሄዱ ጥብቅ ጥናቶች የሰጡት መልስ አስደሳች አይደለም፦ በብዛት የሚጠቀምባቸው ቀድሞም ጤናው የተሻለው ሠራተኛ ነው። ሠራተኛውን የሚያሳምመው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሥራው አደረጃጀት ውስጥ ነው፤ መርሐ ግብሩም ወደዚያ አይደርስም።

በአሜሪካ መርሐ ግብሮቹ ለምን እንዲህ እንደተስፋፉ ለመረዳት የጤና ኢንሹራንሱን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ለብዙ ሠራተኞች ኢንሹራንሱን የሚያቀርበው አሠሪው ስለሆነ፣ የሕክምና ወጪ በጨመረ ቁጥር አሠሪውም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጤና ጉዳዮች ላይ በሚያተኩር አንድ ታዋቂ መጽሔት ላይ የወጣ የጥናቶች ቅኝት ለብዙዎች ተስፋ ሰጠ። ካትሪን ቤከር፣ ዴቪድ ከትለርና ዚሩይ ሶንግ ያዘጋጁት ይህ ቅኝት፣ ለጤንነት መርሐ ግብር በሚወጣ በእያንዳንዱ ዶላር የሕክምና ወጪ በ3.27 ዶላር፣ ከሥራ መቅረት የሚያስከትለው ወጪ ደግሞ በ2.73 ዶላር እንደሚቀንስ ገመተ። በዚያው ዓመት የጸደቀው የጤና ሽፋን ሕግ፣ ከ2014 ጀምሮ አሠሪዎች የጤና ግብ ላሟላ ሠራተኛ እስከ ሽፋኑ ዋጋ 30 በመቶ የሚደርስ ሽልማት እንዲሰጡ፣ ወይም ባላሟላው ላይ ያንኑ ያህል እንዲጨምሩ ፈቀደ። ለትምባሆ ጉዳይ ጣሪያው 50 በመቶ ሆነ።

ከዚያ ቅኝት በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ጥናቶች ግን አንድ የተደበቀ ድክመት ነበረባቸው። በመርሐ ግብሩ የተሳተፈውን ሠራተኛ ካልተሳተፈው ጋር አወዳድረው፣ ልዩነቱን ሁሉ የመርሐ ግብሩ ፍሬ አድርገው ቆጠሩት። ይሁንና ለምርመራ ተሰልፎ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ቀድሞም ስለ ጤናው የሚያስብ፣ ሰዓቱን የሚያዝበት፣ አለቃውን ሳያስፈቅድ ከወንበሩ ሊነሳ የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በዓመቱ መጨረሻ ጤናማ ሆኖ ቢገኝ ምስጋናው ለማን ነው? የስፖርት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚገቡትን የሚቆጥር ሰው ቀጫጭኖችን ቢያይ፣ ያቀጠናቸው በሩ ነው ብሎ መደምደም አይችልም።

ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ከተነሡት መካከል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዴመን ጆንስ፣ እንዲሁም የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ሞሊተርና ጁልየን ሪፍ ይገኙበታል። የምርምራቸው ስፍራ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኧርባና ሻምፔይን ግቢ፣ ተጠኚዎቹም የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ነበሩ። በ2016 የጀመረውን ጥናት 4,834 ሠራተኞች ተቀላቀሉ። ከእነዚህ 3,300ዎቹ በዕጣ ተመርጠው ወደ መርሐ ግብሩ እንዲገቡ ተጋበዙ፤ የቀሩት 1,534 ደግሞ ማነጻጸሪያ ሆኑ። የተጋበዙት የሰውነት ምርመራ አደረጉ፣ የጤና መጠይቅ ሞሉ፣ ከዚያም ትምባሆ ከማቆም፣ ከጭንቀት አያያዝ፣ ከስፖርትና ከመሳሰሉት ትምህርቶች መረጡ። ማን እንደሚገባ የወሰነው ዕጣ ስለሆነ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ከጊዜ በኋላ ልዩነት ቢታይ በእርግጥ ከመርሐ ግብሩ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ውጤቱ በ2019 ታተመ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕክምና ወጪም ሆነ በሕመም ፈቃድ በተወሰዱ ቀናት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ ሠራተኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስፖርት ማእከል ስንት ጊዜ እንደገቡና በአካባቢው የማራቶን ዝግጅት መሮጥ አለመሮጣቸውን ሳይቀር መዝግበዋል። በአሮጌው መንገድ፣ ማለትም የተሳተፈውን ካልተሳተፈው ጋር በማወዳደር ሲሰላ፣ መርሐ ግብሩ ሯጮችን ያፈራ ይመስላል። በዕጣው መንገድ ሲሰላ ግን ያ ሁሉ ልዩነት ጠፋ። ሯጮቹ ድሮም ሯጮች ነበሩ። በ2020 የታተመው የሁለት ዓመት ውጤትም በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮልና በክብደት ረገድ ለውጥ እንዳልመጣ አሳየ።

ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ማን እንደተሳተፈ የተገኘው መረጃ ነው። በመርሐ ግብሩ የተሳተፉት ሠራተኞች፣ መርሐ ግብሩ ከመጀመሩ በፊትም የሕክምና ወጪያቸው ካልተሳተፉት ያነሰ ነበር። የገንዘብ ማበረታቻም የሚሠራው እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ነው። ምርመራውን ለሚያጠናቅቅ 100 ዶላር ሲመደብ ተሳትፎው ምንም ካልተከፈለበት ጊዜ በ12 ነጥብ ገደማ ጨመረ፤ ክፍያው ወደ 200 ዶላር ሲያድግ ግን የተጨመረው 4 ነጥብ ያህል ብቻ ነው። ለመቅረት ምክንያት ያለው ሰው ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አንድ ግቢ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም የሚል ቢኖር፣ በዚያው በ2019 ሌላ ትልቅ ጥናት ታትሟል። 160 ቅርንጫፎች ባሉት አንድ የጅምላ መደብር ድርጅት ውስጥ መርሐ ግብሩ የሚጀመርባቸው ቅርንጫፎች በዕጣ ተለዩ። ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ ሠራተኞቹ ስፖርት እንደሚሠሩና ክብደታቸውን እንደሚከታተሉ ከቀድሞው በበለጠ ተናገሩ፤ ነገር ግን በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮል፣ በሕክምና ወጪም ሆነ ከሥራ በመቅረት ልዩነት አልታየም። የዚህ ጥናት ባለቤቶች ዚሩይ ሶንግና ካትሪን ቤከር ናቸው፤ በ2010 ያን ሁሉ ተስፋ ከሰጠው ቅኝት ደራሲዎች ሁለቱ። የቀድሞ ግምታቸውን በተሻለ ሚዛን መልሰው መዝነው ያገኙትን ሳይሸሽጉ ማቅረባቸው የሚያስመሰግን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሳይንስን የሚያስተምሩ ተቋማት እንደመሆናቸው፣ በራሳቸው ሠራተኞች ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ሐቀኝነት አይጠበቅባቸውም።

አንድ መርሐ ግብር ጥቅም ባይሰጥም ጉዳት ከሌለው ምን ያስጨንቃል ይባል ይሆናል። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ግብዣው ወደ ቅጣት ሲለወጥ ነው። በ2013 ፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጤና መጠይቅ በኢንተርኔት የማይሞላና ምርመራ የማያደርግ ሠራተኛ በወር 100 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። መጠይቁ ሴቶችን ስለ እርግዝና ዕቅዳቸው ሳይቀር ይጠይቅ ነበር። መምህራንና ሠራተኞች ተቃውሞ አነሡ፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ ቅጣቱን አነሣ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የምርመራና የክትትል መስፈርቱን የማያሟሉ የጽሕፈትና የአገልግሎት ሠራተኞች በሳምንት 25 ዶላር፣ በዓመት 1,300 ዶላር ይከፍሉ ነበር። በ2019 ፍርድ ቤት የቀረበው ክስ በ2022 በ1.29 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ለዲን ወይም ለታዋቂ ፕሮፌሰር 25 ዶላር የምሳ ዋጋ ነው፤ በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛ ግን የልጅ ጫማ፣ ወደ አገር ቤት ለእናት የሚላክ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ የመርሐ ግብሩ ስሌት መልኩን ይቀይራል። ጤናማውና ጊዜ ያለው ሽልማቱን ይወስዳል፤ የታመመው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራው፣ ቅጹ የተጻፈበትን ቋንቋ አጥርቶ የማያነበው ይከፍላል። ከላይ ሲታይ የሕክምና ወጪ የተቆጠበ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ወጪው ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ተሸጋግሯል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ቃል ትልቅ እውነት አለው፤ ሆኖም በሽታን ለሐኪም መግለጽና አሠሪ ለቀጠረው ድርጅት በቅጽ ላይ መጻፍ አንድ አይደሉም። ሰው ምስጢሩን የሚያወጣው ለሚያምነው ነው፤ እምነትን ደግሞ በመቀጮ መግዛት አይቻልም።

ታዲያ ሠራተኛውን የሚያሳምመው ምንድን ነው? በዚህ ረገድ ሳይንሱ ባዶ እጁን አይደለም። በብሪታንያ ከ1985 ጀምሮ በማይክል ማርሞት መሪነት 10,308 የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን የተከታተለው ጥናት፣ በሥራው ላይ የመወሰን አቅም ያነሰው ሠራተኛ ለልብ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ሁሉም ቋሚ ደመወዝ ያላቸው፣ ሁሉም በመንግሥት የሕክምና አገልግሎት የሚታከሙ ነበሩ። ቀደም ብሎ በ1979 ሮበርት ካራሴክ ያቀረበው ንድፈ ሐሳብም ተመሳሳይ ነው፦ ከባድ ሥራ ብቻውን ሰውን አይሰብርም፤ የሚሰብረው ብዙ የሚጠየቅበት፣ ጥቂት የሚወስንበት ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ደግሞ የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱ ነገሮች ተርታ በ2007 መድቦታል፤ በ2019ም ይህንኑ አጽንቷል። የቀትር ዮጋ የሌሊት ፈረቃን አያካክስም።

መምህራኑም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ በ2019 የወጣ አንድ ዘገባ፣ ከ2009 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ወደ ምክር አገልግሎት የተላኩ ሠራተኞች ቁጥር በ77 በመቶ መጨመሩን አመልክቷል። የሥራ ጫና፣ በየጊዜው የሚታደስ ጊዜያዊ ውል፣ ማለቂያ የሌለው የአፈጻጸም ምዘና ምክንያት ሆነው ተጠቅሰዋል። ውሉ በሰኔ የሚያልቅበትን መምህር በመጋቢት ስለ ጥልቅ ትንፋሽ ማስተማር፣ ጣሪያው ለሚያፈስስበት ሰው ፎጣ እንደማቀበል ነው። ፎጣው ያስፈልጋል፤ ጣሪያው ግን አልተጠገነም።

ጣሪያው ሲጠገን ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ጥናትም አለ። በሐርቫርዷ ሊሳ በርክማንና በፔንስልቬንያ ስቴቱ ኦርፊዩ ባክስተን የሚመራ ቡድን በ2023 ያሳተመው ሥራ በሁለት ቦታዎች የተካሄደ ነው፦ በአንድ የኮምፒውተር ቴክኖሎጂ ድርጅትና በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች። በዚህ ጊዜ እንዲለወጥ የተጠየቀው ሠራተኛው አልነበረም። አለቆች የሠራተኛን የቤተሰብ ኃላፊነት እንዲያከብሩ ሠለጠኑ፤ ሠራተኞች በሰዓታቸው ላይ የመወሰን ዕድል ተሰጣቸው። ለሁሉም ሠራተኛ ሲሰላ ለውጡ ጎልቶ ባይታይም፣ መጀመሪያ ላይ የልብና የስኳር በሽታ ስጋታቸው ከፍ ያለ በነበሩት ላይ ስጋቱ ቀነሰ፤ ቅነሳውም በቴክኖሎጂ ድርጅቱ ከአምስት፣ በመንከባከቢያ ቤቶቹ ከአሥር ዓመት በላይ በዕድሜ ከመለስ ጋር የሚስተካከል ነበር። ልዩነቱ ሊጤን ይገባል፤ የተለመደው መርሐ ግብር ጤናማውን ሲስብ፣ ይህኛው የጠቀመው ይበልጥ ለጉዳት የቀረበውን ነው። በመንከባከቢያ ቤት ውስጥ አረጋዊ የሚያነሡና የሚያስተኙ ኢትዮጵያውያን እናቶች ይህን ውጤት ለመረዳት ተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።

ይህ ሲባል ምርመራው ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የኢሊኖይ ጥናት ራሱ፣ የተጋበዙት ሠራተኞች ምርመራ የማድረጋቸውና ቋሚ ሐኪም የመያዛቸው ዕድል ከፍ ማለቱን መዝግቧል። ምልክት ሳይሰጥ የሚኖር የደም ግፊት በአንድ የረቡዕ ምርመራ ተገኝቶ የሰው ሕይወት ሊተርፍ ይችላል። ስሕተቱ ምርመራውን ማቅረብ ላይ ሳይሆን፣ እርሱን አቅርቦ ግዴታ እንደተወጡ መቁጠር ላይ ነው።

የድጋፍ ቡድኖች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት፤ ከመርሐ ግብሮቹ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ልብ የሚቀርበው ይህ ነውና። ሐዘን የደረሰበት፣ የታመመ ልጅ ያለው፣ ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገል ሠራተኛ ከመሰሎቹ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገሩ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ያስታውሳል። እድር ይህን ከዘመናት ጀምሮ ያውቀዋል። በእድር ውስጥ ሐዘንተኛው ቅጽ አይሞላም፤ ጥሩንባው ሲነፋ ወይም ስልኩ ሲደወል ድንኳኑ ይተከላል። መተዳደሪያ ደንቡን የሚያወጡት አባላቱ፣ ዳኛውንም የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። የሚቀረው ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን የሚጣለው በታመመው ላይ ሳይሆን የታመመውን ባልጠየቀው ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቹ አሠራርና በእድር አሠራር መካከል ያለው ርቀት ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም።

እድርም ሁሉን አይችልም። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ የስደት ማኅበረሰብ ውስጥ የአእምሮ ጭንቀትን መናገር ለሐሜት መጋለጥ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎች ዝም የሚሉትም ለዚህ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸው የሚሰጡት ምስጢር ጠባቂ የምክር አገልግሎት ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል፤ ጥቂት ቀጠሮዎችን በነፃ ያገኛሉ፣ አለቃም አይሰማም። እንዲህ ያለ አገልግሎት መኖሩን የማያውቁ፣ ቢያውቁም በቋንቋቸው የሚያናግራቸው እንደማያገኙ የሚያስቡ ሠራተኞች ግን ጥቂት አይደሉም። አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻል በግልጽ ቢነገር፣ ማስታወቂያውም በኢሜይል ብቻ ሳይሆን የጽዳት ሠራተኛው ልብሱን በሚቀይርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ወጪው ኢምንት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ማድረግ የሚገባቸው ከዚህ ሁሉ ይከተላል። የድጋፍ ቡድኑም ሆነ ምርመራው በሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ ሳይቆረጥ፣ ለሌሊት ፈረቃም በሌሊት ይሁን። በአባላቱ የሚመራ ቡድን ይበረታታ፤ የአስተዳደር ሰው በመካከል አይቀመጥ። መጠይቅ ባለመሙላት የሚጣል መቀጮ ይቅር። የፈረቃ መርሐ ግብር ከሳምንታት በፊት ይታወቅ፤ ጊዜያዊ ውል የሚኖረው ሥራው በእርግጥ ጊዜያዊ ሲሆን ብቻ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ «የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ» የሚለው ስም ማንን እንደሚያካትት እንደገና ይታሰብ። የጽዳቱን፣ የምግብ ቤቱንና የመኪና ማቆሚያውን ሥራ ለውጭ ኮንትራክተር የሰጠ ዩኒቨርሲቲ፣ በአዳራሹ ውስጥ በጀርባ ሕመም ጎንበስ ያለችውን ሴት ከቁጥሩ አውጥቶ «ሠራተኞቻችን ጤናማ ናቸው» ቢል፣ የጠራው ወጪው እንጂ ሕሊናው አይደለም።

ሠራተኛውም ቢሆን መብቱን ማወቅ ይጠቅመዋል። መጠይቅ ሲቀርብለት መልሱን ማን እንደሚይዘውና ለአሠሪው በስም ይደርስ እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት አሠሪ የቤተሰብን የበሽታ ታሪክ ለመናገር ገንዘብ መክፈል አይፈቀድለትም። ሽልማቱ እንደ ክብደት ወይም የደም ግፊት ባለ ግብ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ደግሞ፣ ግቡን በጤናው ምክንያት ማሟላት ለማይችል ሠራተኛ ሌላ ተገቢ አማራጭ ሊቀርብለት ይገባል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የጤንነት መርሐ ግብር መለኪያ ስንት ሰው በቀትር ዮጋ ላይ እንደተገኘ መሆን የለበትም። እውነተኛው መለኪያ፣ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ኮሪደሩን የሚወለውለው ሰው ለመታከም የሚተርፈው ሰዓት፣ ለመታከም የሚያስችለው ኢንሹራንስ፣ ሲከፋው የሚያዋየው ባልንጀራ ያለው መሆኑ ነው። እነዚህ ሦስቱ የተሟሉለት ዩኒቨርሲቲ ዮጋውንም ቢጨምር ያምርበታል።